በናዚ ዘመን ጥቁር ሙዚቀኛ መሆን፦ ልብ ወለዱ የሚለውና መዝገቡ የሚያሳየው

በፌብሩዋሪ 2024 የጉግል ጄሚኒ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጄሚኒ በጽሑፍ ሲታዘዝ ምስል የሚፈጥር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ሰዎች የ1943 የጀርመን ወታደር እንዲሥልላቸው ሲጠይቁት የናዚ ጦር ዩኒፎርም የለበሱ ጥቁሮችንና እስያውያንን ሥሎ ሰጣቸው። ጉግል ስህተቱን አምኖ የሰው ምስል መፍጠሩን ለጊዜው አቆመ። ጉዳዩ ግን አንድ የቆየ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ለመሆኑ በናዚ ጀርመን ጥቁር ሰው ነበር እንዴ?

ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ብዙዎቹም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሙዚቃና ከመድረክ ነበር። ምን ደረሰባቸው ሲባል ግን በየወሬው ሁለት መልስ ይሰማል። አንደኛው «ናዚዎች ጸባቸው ከአይሁድ ጋር ነው፤ ጥቁሩን አልነኩትም» የሚል ነው። ለዚህም ጄሲ ኦውንስ በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ አራት ወርቅ ወስዶ በሰላም አገሩ መግባቱ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ሁለተኛው ደግሞ ጥቁሮች ልክ እንደ አይሁድ ተለቅመው በጋዝ አለቁ ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

በእነዚህ ሁለት መልሶች መሀል ታሪካዊ ልብ ወለዶች ገብተዋል። ታሪካዊ ልብ ወለድ ስንል በእውነተኛ ዘመንና ቦታ ላይ የተፈጠሩ ሰዎችን አስቀምጦ የሚተርክ ድርሰት ማለታችን ነው። አንዳንዶቹ የናዚን ግፍ በጥቁር ሙዚቀኛ ዓይን ያሳያሉ። ግሩም ሥራዎች ናቸው። ሆኖም አንባቢው ከነሱ የሚወስደው ሥዕል መዝገቡ ከሚያሳየው ጋር አንዳንዴ አይገጥምም። ልዩነቱ የት እንደሆነ ማወቁ ልብ ወለዱንም ታሪኩንም በደንብ ለማንበብ ይረዳል።

ሁለት ልብ ወለዶች

አፍሪካ አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ኤ. ዊሊያምስ በ1999 «ክሊፈርድስ ብሉዝ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ ክሊፈርድ ፔፐሪጅ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። በርሊን ውስጥ ፒያኖ ይጫወታል። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ስላለው በ1933 ተይዞ ወደ ዳኻው ማጎሪያ ካምፕ ይላካል። እዚያ አንድ የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) መኮንን ከበርሊን የምሽት ክበቦች ያውቀዋልና የቤቱ አገልጋይ ያደርገዋል። ክሊፈርድ ለመኮንኖቹ ባንድ አቋቁሞ ይጫወታል፤ ያየውንም ተደብቆ በማስታወሻ ይይዛል። መጽሐፉ ያ ማስታወሻ ነው።

ሁለተኛው የካናዳዊቷ የኤሲ ኤዱጂያን «ሃፍ-ብለድ ብሉዝ» ነው። በ2011 ወጥቶ የካናዳውን የጊለር ሽልማት አገኘ፤ ለቡከር ሽልማትም የመጨረሻው ዕጩ ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሂየሮ ፋልክ የሃያ ዓመት ገደማ ክልስ ጀርመናዊ ነው፤ ትራምፔት ይነፋል። ከባንዱ ጋር ከበርሊን ወደ ፓሪስ ይሸሻል። በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ከያዙ በኋላ አንድ ማለዳ ወተት ልጠጣ ብሎ ካፌ ይገባል። ወታደሮች መጥተው ወረቀት ይጠይቁታል። ወረቀት የለውም። በዚያው ይወስዱታል።

የዚህ ልብ ወለድ ትልቁ ምስጢር ያለውም እዚሁ ወረቀት ላይ ነው። (መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) ለሂየሮ የመውጫ ቪዛ መጥቶለት ነበር። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ሲድ ግን ሸክላው ተቀርጾ ሳያልቅ ልጁ እንዳይሄድበት ሲል ቪዛውን ደበቀው። ኤዱጂያን ታሪኩን በአንድ ወረቀት ላይ ማንጠልጠሏ ብልሃት ብቻ አይደለም። ከታሪክ አንጻርም ከካምፑ ትርኢት ይልቅ ይህ ነው እውነቱን የነካው።

ጥቁሮቹ ከየት መጡ?

ቁጥራቸው እስካሁን ያከራክራል። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው ከ20,000 እስከ 25,000 የሚለው ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ጥቂት ሺህ ነበሩ ማለቱን ይመርጣሉ። አንድ ዓይነት ሰዎችም አልነበሩም።

አንዳንዶቹ ከጀርመን ቅኝ ግዛቶች የመጡ ነበሩ፤ ከካሜሩን፣ ከቶጎ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ። ጀርመን በ1919 ቅኝ ግዛቶቿን ስትነጠቅ እነሱ በርሊንና ሃምቡርግ ላይ ቀሩ። የጀርመን ዜጋ አይደሉም። የትውልድ አገራቸው ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እጅ ገብቷል። ባለቤት የሌለው ሕዝብ ሆኑ ማለት ነው።

ሌሎቹ የራይንላንድ ልጆች የሚባሉት ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ የራይን ወንዝን አካባቢ ስትይዝ ከሴኔጋል፣ ከሞሮኮ፣ ከማዳጋስካርና ከሌሎችም ቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች አምጥታ ነበር። ከእነሱና ከጀርመን እናቶች የተወለዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ነበሩ። የጀርመን ጋዜጦች «የራይን ጥቁር ውርደት» እያሉ ዘመቻ ያካሄዱባቸው ሂትለር ሥልጣን ላይ ከመውጣቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው። የልብ ወለዱ ሂየሮ ከነዚህ ልጆች አንዱ ተደርጎ ነው የተሣለው።

ከዚያ ደግሞ እንግዶቹ አሉ፤ ከአሜሪካና ከካሪቢያን የመጡ ሙዚቀኞች፣ ዳንሰኞችና ዘፋኞች። በ1920ዎቹ በርሊን ጃዝ የሚጠማት ከተማ ነበረች። ጥሩ ይከፈላል፣ መድረክ አይታጣም።

ጃዝ ምን አደረጋቸው?

ጥላቻው ከሂትለር መንግሥት በፊት የጀመረ ነው። ናዚዎች በአንድ የጀርመን ክፍለ ግዛት የመጀመሪያውን የሚኒስትር ወንበር ያገኙት ቱሪንጊያ ውስጥ ነበር፤ ሰውየው ቪልሄልም ፍሪክ ይባላል። ፍሪክ በኤፕሪል 1930 «የኔግሮ ባህልን» የሚቃወም አዋጅ አወጣ። ጃዝና የጥቁር ዳንስ የጀርመንን ሕዝብ ሥነ ምግባር ያበላሻሉ የሚል ነው። ይህን ስም እንያዘው፤ ኋላ ይመለሳል።

ናዚዎች ጃዝን በሁለት ነገር ይከሱት ነበር። ፈጣሪው ጥቁር ነው፤ ሻጩ አይሁድ ነው። ሁለቱ ጥላቻዎች አንድ ላይ ተሰፍተው በግልጽ የሚታዩት በ1938 ዱሰልዶርፍ ላይ በተከፈተው «የተበላሸ ሙዚቃ» ኤግዚቢሽን ፖስተር ላይ ነው። ሳክስፎን የሚነፋ ጥቁር ሰው አለ። ፊቱ ሆን ተብሎ የዝንጀሮ ተደርጓል። ጆሮው ላይ ትልቅ ሎቲ ተንጠልጥሏል። ደረቱ ላይ፣ ሌላ ሰው አበባ በሚሰካበት ቦታ፣ የዳዊት ኮከብ አለ። ስብከታቸውን በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ጠቅልለው ያስቀመጡበት ሥዕል ነው።

ከፖስተሩ በፊት ክልከላው መጥቷል። ከ1933 መጨረሻ ጀምሮ ሙዚቀኛ ሆኖ ለመሥራት የመንግሥቱ የሙዚቃ ምክር ቤት አባል መሆን ግድ ሆነ፤ በዘር የማይፈለግ ሰው ደግሞ ይባረራል ወይም አይገባም። በኦክቶበር 1935 ጃዝ ከጀርመን ሬዲዮ ታገደ። ግን ወጣቱ ሙዚቃውን አልተወም። ስለዚህ የጎብልስ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ጦርነቱ ውስጥ የራሱን ነጭ የስዊንግ (ለዳንስ የሚሆን የጃዝ ዓይነት) ባንድ አደራጀ። ባንዱ የታወቁ የአሜሪካ ዘፈኖችን ግጥም በፀረ አይሁድና በፀረ እንግሊዝ ቃላት እየለወጠ በሬዲዮ ለእንግሊዝ ያስተላልፍ ነበር። ሙዚቃው አገር ውስጥ ወንጀል፣ ውጭ ሲላክ መሣሪያ ሆነ። ከምንም በላይ ይህ የሚያሳየው እገዳው ከዜማው ጋር ሳይሆን ዜማውን ከፈጠረው ሰው ጋር እንደነበረ ነው።

ዕጣ የወሰነው ፓስፖርት

ቆዳው ጥቁር የሆነ ሁሉ አደጋ ላይ ነበር። ማን ይታሰራል፣ የት ይታሰራል፣ በሕይወት ይወጣል ወይ የሚለውን ግን በብዛት የወሰነው ዜግነት ነው። ልብ ወለዶቹን የሚያነብ ሰው በቀላሉ የሚያመልጠው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ትራምፔት ተጫዋቹን አርተር ብሪግስን እንውሰድ። የተወለደው ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ግሬናዳ ነው። በአውሮፓ ከታወቁት የጃዝ ሰዎች አንዱ ነበር። በ1940 ፓሪስ ላይ ተይዞ ከከተማዋ በስተሰሜን ባለው የሳን ደኒ ካምፕ ታሰረ። የታሰረው የጠላት አገር፣ የእንግሊዝ፣ ዜጋ ተብሎ ነው። እዚያ ከእስረኞች ኦርኬስትራ አቋቋመ። በ1944 ፓሪስ ነጻ ስትወጣ እሱም ወጣ፤ እስከ 1991 ኖሯል።

አሜሪካዊው ፒያኖ ተጫዋች ፍሬዲ ጆንሰን ደግሞ አምስተርዳም ይሠራ ነበር። የተያዘው በዲሴምበር 1941 አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ነው። ባቫሪያ ወደሚገኘው የቲትሞኒንግ ካምፕ ተወሰደ። በ1944 በእስረኛ ልውውጥ ተለቀቀ።

እነዚህ የጠላት አገር ሲቪሎች የሚያዙባቸው ካምፖች ናቸው። ከማጎሪያ ካምፕ ይለያሉ። እንግሊዝና አሜሪካም ጀርመናውያንን ይዘው ስለነበር ናዚዎች እነዚህን እስረኞች ለልውውጥ ይፈልጓቸዋል። የቀይ መስቀል ጥቅል ይደርሳቸዋል። ረሃቡና ብርዱ ባይቀርም የሚጠይቅላቸው መንግሥት ነበራቸው።

አሁን ባዩሜ ሞሐመድ ሁሰንን እንይ። በ1904 ዳሬሰላም ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ለጀርመን ቅኝ ጦር ዘምቷል። በ1929 በርሊን ገብቶ አስተናጋጅ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስዋሂሊ አስተማረ፣ በበርካታ ፊልሞችም ላይ ተጫወተ። ለጀርመን የደማ፣ ጀርመንኛ የሚያውቅ፣ ጀርመናዊት ያገባ ሰው ነው። የሚጠይቅለት መንግሥት ግን አልነበረውም። በ1941 ከሌላ ጀርመናዊት ጋር ግንኙነት አለህ ተብሎ «ዘር በማርከስ» ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ገባ። በኖቬምበር 1944 እዚያው ሞተ።

የክሱ መነሻ በ1935 የወጡት የኑረንበርግ ሕጎች ናቸው። ከጀርመናዊ ጋር መጋባትንና የፆታ ግንኙነትን የከለከሉት ሕጎች በጽሑፋቸው ስለ አይሁድ ነው የሚናገሩት። ዋናዎቹ አንቀጾች ላይ ጥቁር የሚል ቃል አይገኝም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ግን የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ በሰርኩላር እገዳው ጥቁሮችንና ሮማዎችንም (ጂፕሲ ይባሉ የነበሩትን) እንደሚመለከት አስታወቀ። ሚኒስትሩ ያ የቱሪንጊያው ቪልሄልም ፍሪክ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በአንድ ክፍለ ግዛት ዘፈን የከለከለው ሰው አሁን በመላ አገሪቱ ትዳር ከለከለ።

የራይንላንድ ልጆች ዕጣ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ምስጢር ነበር። ብዙዎቹ በእናታቸው የጀርመን ዜጎች ናቸው፤ የሚባረሩበት አገር የለም። በ1937 ጌስታፖ፣ የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ በድብቅ እያሰባሰበ ቢያንስ 385ቱን እንዲመክኑ፣ ማለትም ልጅ እንዳይወልዱ ተደርገው በቀዶ ጥገና እንዲሰናከሉ አደረገ። ናዚዎች ራሳቸው ያወጡት የማምከን ሕግ እንኳ ይህን አይፈቅድም ነበር። ካምፕ የለም፣ ሽቦ የለም። ሐኪም ቤት፣ ፊርማ፣ ቢላዋ። ይህ ለልብ ወለድ አይመችም፤ ግን ከጥቁሮቹ መሀል በዕቅድና በጅምላ ለተፈጸመው ግፍ ዋናው ምሳሌ ይህ ነው።

ማጎሪያ ካምፕ የገቡ ጥቁሮችም ነበሩ። ገርት ሽራም ከጀርመናዊት እናትና ከአሜሪካዊ ጥቁር አባት የተወለደ ልጅ ነው። በ1944 ቡኸንዋልድ ሲገባ ገና 15 ዓመቱ ነበር። የፖለቲካ እስረኞች ደብቀው፣ ቀለል ያለ ሥራ ፈልገው፣ በሰልፍ ላይ መሀላቸው አቁመው አተረፉት። ካምፖቹ እስረኛን በሦስት ማዕዘን ጨርቅ ቀለም ይለዩ ነበር፤ ቀይ ለፖለቲከኛ፣ ሮዝ በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ለተከሰሰ፣ ጥቁር «ለማኅበረሰብ ጠንቅ»። ለጥቁር ሕዝብ ተለይቶ የተሰጠ ቀለም ግን አልነበረም። ዛሬ ተመራማሪ መዝገቡን ከፍቶ ጥቁር እስረኞችን ልቁጠር ቢል የሚቸገረው ስለዚህ ነው። በሌላ ስም ተመዝግበዋል።

የቫላይዳ ስኖው ነገር

በልብ ወለድና በመዝገብ መሀል ያለው ውጥረት በአንዲት እውነተኛ ሴት ሕይወት ላይ ይታያል። ቫላይዳ ስኖው ከቴነሲ የወጣች ዘፋኝና ትራምፔት ነፊ ናት። ከሻንጋይ እስከ ለንደን ተጫውታለች። ጦርነቱ ዴንማርክ ላይ ደረሰባት። በ1942 ኮፐንሃገን ውስጥ ታሰረች፤ በዚያው ዓመት በልውውጥ መርከብ ኒው ዮርክ ገባች።

አገሯ ስትመለስ ናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ አስረው አሰቃዩኝ ብላ ለጋዜጦች ተናገረች። ታሪኩ ለአሥርት ዓመታት እየተቀባበለ ተጻፈ። በኋላ የሕይወት ታሪኳን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ሌላ ነው። የተያዘችው በከተማዋ እስር ቤት፣ በዴንማርክ ፖሊስ እጅ ነበር፤ ጉዳዩም ከአደንዛዥ መድኃኒት ጋር ይያያዛል።

ውሸታም ነበረች ብሎ ማለፍ ግን አይበቃም። በናዚ በተያዘች አገር የታሰረች ጥቁር ሴት በር በተንኳኳ ቁጥር ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ደግሞም የ1940ዎቹ አሜሪካ ለመድኃኒት ሱሰኛ ጥቁር አርቲስት ርኅራኄ አልነበራትም፤ ለናዚ ሰለባ ግን ነበራት። ታሪኩ ለምን እንዲያ እንደተነገረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ጉዳቱ ሌላ ጋ ነው። ይህ ታሪክ ሲፈርስ፣ «አያችሁ፣ ጥቁሮች ተሰቃዩ የሚባለው ሁሉ ተረት ነው» ለሚል ሰው በር ይከፍታል።

ደራሲ ምን ያህል ነጻ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። ለደራሲው የሚቆሙት እንዲህ ይላሉ፦ መዝገቡ ራሱ የናዚዎች ነው። ጥቁሮቹን በስማቸው አልጻፈም፣ ድምፃቸውን አልያዘም። ባዶውን ቦታ የሚሞላ ከልብ ወለድ ሌላ ምን አለ? ብዙ አንባቢ ስለ ራይንላንድ ልጆች መጀመሪያ የሚሰማው ከልብ ወለድ ነው። ካምፕ ውስጥ ባንድ መኖሩም የፈጠራ ወሬ አይደለም፤ ቡኸንዋልድና ኦሽዊትዝ የእስረኞች ኦርኬስትራ ነበራቸው።

የሚጠራጠሩት ደግሞ ዝርዝር ያነሳሉ። እስከ 1941 መጨረሻ አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ አልነበረችም፤ በርሊን ውስጥ ኤምባሲ ነበራት። አንድ አሜሪካዊ ከ1933 ጀምሮ ማንም ሳይጠይቅለት ዳኻው ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት መቆየቱ ይከብዳል። «ሃፍ-ብለድ ብሉዝ» ውስጥ ደግሞ ሉዊ አርምስትሮንግ በጦርነቱ ዋዜማ ፓሪስ ይገኛል። እውነተኛው አርምስትሮንግ በ1935 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተመልሶ ነበር፤ አውሮፓን ዳግም ያየው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

በእኔ ሚዛን የአርምስትሮንግ ነገር ቀላል ነው፤ የደራሲ መብት ነው። የዳኻው ጉዳይ ግን ይከብዳል። አንባቢው ግፉን በአሜሪካዊው በኩል ብቻ ካየ፣ በጣም የተጎዱት ባለ አገር ያልሆኑት አፍሪካውያንና ጀርመን የተወለዱት ክልሶች መሆናቸው ይሸፈንበታል። ዊሊያምስ ካምፑን አጥንቶ ጽፏል፤ የዕለት ኑሮው ዝርዝር ያሳምናል። የመረጠው ሰው ግን በእውኑ ዓለም ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል የነበረው ዓይነት ሰው ነው።

ጣሊያንና አዝማሪዎቻችን

ይህ የጀርመን ታሪክ ነው፤ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ግን አለ። የሂትለር አጋር የነበረው የጣሊያን ፋሺዝም የዘር ሕግ ማውጣት የጀመረው ኢትዮጵያን ከያዘ በኋላ ነው። በኤፕሪል 1937 ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። በ1940 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ክልስ ልጁን ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል ተከለከለ። የጀርመኑ ቢላዋ እዚህ አልመጣም፤ ልጅን ከአባት ስም የመቁረጡ ሐሳብ ግን አንድ ነው።

ሙዚቀኛን በተመለከተ የእኛው እንዲያውም ይብሳል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ በማርች 1937፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና በየቦታው እየዞሩ ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን ለሮም በቴሌግራም አሳውቋል። የጣሊያን አገዛዝ ያበቃለታል የሚል ወሬ ያዛምታሉ በሚል ነው። አዝማሪ በግጥሙ ምን ማድረግ እንደሚችል ጄኔራሉ ገብቶት ነበር። ጀርመን ውስጥ ጃዝ ከሬዲዮ ታገደ፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ዘፋኙ ራሱ ተገደለ። ስለ ክሊፈርድና ስለ ሂየሮ መጽሐፍ ተጽፏል። ስለ እነዚህ አዝማሪዎች በስፋት የሚታወቅ ልብ ወለድ አለመኖሩ ያንገበግባል።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመን ለናዚ ሰለባዎች የካሣ ሕግ አወጣች። በግዳጅ የመከኑት የራይንላንድ ልጆች ግን በአብዛኛው ምንም አላገኙም። ጉዳያቸው በሰነድ ተደግፎ ለሕዝብ የቀረበው በ1979 አንድ ጀርመናዊ የታሪክ ሰው መጽሐፍ ሲያወጣ ነው። ያኔ ልጆቹ ወደ ስልሳ ዓመት እየተጠጉ ነበር።

ዛሬ ምስክሮቹ አልቀዋል ማለት ይቻላል። ሃምቡርግ ያደገውና ከጦርነቱ በኋላ በክበቦች ሳክስፎን ይነፋ የነበረው ሃንስ ማሳኮይ በ2013 አረፈ። ገርት ሽራም በ2016፣ በልጅነቱ «የአፍሪካ ሰዎች ትርኢት» ላይ ለተመልካች ይቀርብ የነበረው ቴዎዶር ሚካኤል በ2019 አረፉ። ሦስቱም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ነው የሄዱት። ከእንግዲህ አዲስ የዓይን ምስክር አይመጣም። አዲስ ልብ ወለድ፣ አዲስ ፊልምና የጄሚኒ ዓይነት የተፈበረከ ምስል ግን ይመጣል።

ስለዚህ ክብደቱ ደራሲዎችና አሳታሚዎች ላይ ያርፋል። ብዙ የታሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች መጽሐፋቸው መጨረሻ ላይ ይህ እውን ነው፣ ይህን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ብለው ይለያሉ። በዚህ ርዕስ ላይ ይህ ልማድ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ከመጣም ከመግቢያው በፊት ሁለት ገጽ ለታሪኩ ይስጥ፤ ማን ዜጋ ነበር፣ ማን አልነበረም፣ ለማን ማን ጠየቀለት የሚለውን ይንገረን። አንባቢው ሂየሮ ካፌ ውስጥ ወረቀት ሲጠየቅ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ያኔ ይገባዋል።